ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶን በአፕ ማሳየት፦ ፈቃድ ሳያበዙ፣ ሚሞሪ ሳይጨርሱ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ለማሰፋት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለው «እስቲ ሞዴል አሳዪኝ» ነው። ሰፊዋም ስልኳን አውጥታ ጋለሪ ትከፍታለች። ሞዴሉ እስኪገኝ ድረስ የልጆቿ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት፣ የመታወቂያዋ ፎቶ፣ ሁሉም በደንበኛዋ ዓይን ፊት ያልፋል። ጥር ደርሶ የሠርግ ልብስ ሲበዛ ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቡት።

ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን አፕ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አፑ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሰፊዋ ከስልኳ የመረጠቻቸውን ሞዴሎች ብቻ ይዞ ያሳያል፤ ሌላውን አያይም። ኮትሊን በመጠኑ የምታውቁ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ አንድ ሁለት ትንንሽ አፕ የሞከራችሁ ከሆናችሁ ይበቃል። በፍላተር ለምትሠሩም ወደ ታች አጠር ያለ ክፍል አለ።

ሁለት ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ከስልኩ ባለቤት የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ጠይቁ። ወደ ሚሞሪ ደግሞ ስክሪኑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ጫኑ። ፎቶ የሚያሳዩ አፖች ላይ የማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመዝለል የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ፎቶው የት ነው ያለው?

አንድሮይድ ላይ ፎቶ በዋናነት ሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው የአፑ የራሱ የግል ቦታ ነው። እዚያ ለመጻፍም ለማንበብም ፈቃድ አያስፈልግም። ሌላ አፕ አያየውም፤ አፑ ከስልኩ ሲነሳ ግን አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው የጋራ ቦታ ነው፦ ካሜራው የሚያስቀምጥበት ዲሲአይኤም፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድ። ጋለሪ ላይ የምናየው ይህንን ነው። ሦስተኛው የሌሎች አፖች የግል ቦታ ነው፤ እሱ ለእናንተ ዝግ ነው።

ይህ ሦስተኛው እኛ ዘንድ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ ምክንያቱም ሞዴል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ደንበኛዋ አንድ ቻናል ላይ ያየችውን ቀሚስ ትልካለች። ሰፊዋ ቻቱ ውስጥ ታየዋለች። የእናንተን አፕ ስትከፍት ግን የለም። «አፑ ተበላሸ» ብላ ትደውላለች። አልተበላሸም፤ ፎቶው ገና ቴሌግራም ጋ ነው። ፎቶውን ከፍታ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክታ፣ ጋለሪ ላይ ሴቭ ስታደርገው ነው የሚመጣው። ቴሌግራም ሁሉንም በራሱ ጋለሪ ላይ እንዲያስቀምጥ በሴቲንግ ማዘዝ ይቻላል። እኔ አልመክርም፤ የየግሩፑ ፎቶ ስልኩን ይሞላዋል። ከዚያ ይልቅ «ሞዴል ጨምር» ከሚለው ቁልፍ ሥር አንድ መስመር ጻፉ፦ «ፎቶው ቴሌግራም ላይ ከሆነ መጀመሪያ ጋለሪ ላይ ሴቭ ያድርጉት።» ይቺ መስመር ብዙ የስልክ ጥሪ ታስቀራለች።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ ሳትጠይቁ ፎቶውን ተቀበሉ

ብዙ የቆዩ ትምህርቶች ማኒፌስት (አፑ የሚፈልገውን ፈቃድ የሚዘረዝር ፋይል) ላይ «ሪድ ኤክስተርናል ስቶሬጅ» የሚለውን ፈቃድ በመጻፍ ይጀምራሉ። እናንተ በዚያ አትጀምሩ። የአንድ ቀሚስ ፎቶ ለማየት ጋለሪውን በሙሉ መጠየቅ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፈልጎ የሰው ጓዳ እንደ መግባት ነው።

በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ፎቶ ፒከር የሚባል ነገር ይዞ መጥቷል። መስኮቱን የሚከፍተው ሲስተሙ ራሱ ነው። ባለቤቷ ትመርጣለች፤ አፑ የሚደርሰው የተመረጠው ብቻ ነው። ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ከ13 በታች የሆኑ ብዙ ስልኮችም በጉግል አፕዴት በኩል ያገኙታል። ከናካቴው በሌለበት ስልክ ላይ ደግሞ ላይብረሪው በራሱ የተለመደውን የፋይል መምረጫ ይከፍታል። የእናንተ ኮድ በሁሉም ላይ ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግሬድል ፋይላችሁ ላይ የአንድሮይድኤክስ አክቲቪቲ ላይብረሪ 1.7.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፖዝ (አዲሱን የአንድሮይድ ስክሪን መሥሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ «ሪሜምበር ላውንቸር ፎር አክቲቪቲ ሪዘልት» የሚለውን ፈንክሽን ጥሩና «ፒክ መልቲፕል ቪዥዋል ሚዲያ» የሚለውን ኮንትራክት ስጡት። በአንድ ጊዜ የሚመረጠውን ከፍተኛ ቁጥር እዚያው ትወስናላችሁ፤ ለዚህ ሥራ 20 በቂ ነው። ከዚያ ቁልፉ ሲነካ «ኢሜጅ ኦንሊ» ብላችሁ ላውንቸሩን ላውንች አድርጉ።

በቆየው አሠራር፣ ያለ ኮምፖዝ የምትሠሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላውንቸሩን የምትመዘግቡት አክቲቪቲው ላይ፣ እንደ አንድ የክላሱ ተለዋዋጭ ነው። ቁልፉ ሲነካ በሚሠራው ኮድ ውስጥ ከመዘገባችሁት አፑ እዚያው ይዘጋል። ምዝገባው አክቲቪቲው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት።

የሚመለስላችሁ የዩአርአይ፣ ማለትም የተመረጡት ፎቶዎች አድራሻ ዝርዝር ነው። ሰፊዋ ሳትመርጥ ወደ ኋላ ከወጣች ዝርዝሩ ባዶ ነው፤ ያን ጊዜ ምንም አትሥሩ፣ የስህተት መልእክትም አታሳዩ። ዩአርአዩ «ኮንቴንት» በሚል ቃል ይጀምራል። የፋይል ፓዝ አይደለም። ከውስጡ ፓዝ የሚያወጣ ኮድ ፍለጋ አትድከሙ። ለኮንቴንት ሪዞልቨር ስጡትና በ«ኦፕን ኢንፑት ስትሪም» ክፈቱት፤ ፎቶው ይነበባል።

አፑን ጉግል ፕሌይ ላይ ልታወጡት ካሰባችሁ ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ፎቶ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልገው አፕ የሙሉ ጋለሪ ፈቃድ እንዳይጠይቅ፣ ፒከሩን እንዲጠቀም የፕሌይ ፖሊሲ ያዛል።

ደረጃ 2፦ የተቀበላችሁትን አስቀምጡ

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ዩአርአዩን ዳታቤዝ ላይ ይጽፈዋል፤ ያን ቀን ሁሉም ነገር ቆንጆ ይሠራል። በማግስቱ አፑ ሲከፈት ባዶ ሳጥኖች ብቻ ይታያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፒከሩ የሚሰጠው ፈቃድ የሚቆየው አፑ እስኪቆም ወይም ስልኩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ «ቴክ ፐርሲስተብል ዩአርአይ ፐርሚሽን» በሚለው ጥሪ ፈቃዱን ማራዘም ነው። በፎቶ ፒከር በኩል አንድ አፕ በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 ፎቶ ድረስ እንዲህ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ፎቶውን ወደ አፑ የግል ቦታ ኮፒ ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሰፊዋ ስልክ በየጊዜው ይሞላል፤ ሲሞላ ጋለሪ ገብታ ትሰርዛለች። ፈቃዱን ብቻ ይዛችሁ ከሆነ ሞዴሉም አብሮ ይሄዳል። ኮፒው ካለ ግን ይቀራል።

ታዲያ ኮፒ ስታደርጉ ፎቶውን እንዳለ አትገልብጡት፤ አሳንሱት። ረጅሙ ጎኑ 1600 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራቱ 85 ቢሆን ለማሳያ በቂ ነው። ጥልፉን በደንብ አጉልታ ማሳየት የምትፈልግ ሰፊ ከሆነች 2400 አድርጉት። አሠራሩን ደረጃ 3 እና 4 ላይ እናየዋለን።

ዳታቤዙ ላይ የፋይሉን ስም ብቻ ጻፉ፤ ሙሉ ፓዙን አትጻፉ። ፎልደሩን አፑ በተከፈተ ቁጥር ከሲስተሙ ጠይቁ። ስሙን ደግሞ ከኦሪጅናሉ አትውሰዱ፤ ሁለት ፎቶ አንድ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ የማይደገም ስም ስጡት። ፋይሉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፣ ተጽፎ ሲያልቅ ስሙን ቀይሩ፣ ከዚያ ብቻ ዳታቤዙ ላይ አስገቡት። መሃል ላይ ባትሪ ቢያልቅ የተቆረጠ ፎቶ አይታይም።

ይህ ሁሉ ከዋናው ትሬድ ውጪ፣ በ«ዲስፓቸርስ አይኦ» ላይ መሠራት አለበት። 20 ፎቶ ሲመረጥ ደግሞ አንድ በአንድ ሥሩት እንጂ ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

ደረጃ 3፦ ሚሞሪውን አስሉ

4000 በ3000 የሆነ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ስልኩ ላይ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ነው የሚይዘው። ስክሪን ላይ ለመውጣት ግን መዘርጋት አለበት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል። 12,000,000 ፒክስል በ4 ሲባዛ 48 ሜጋባይት። ለአንድ ፎቶ ነው ይህ። 20ው ባንዴ ቢዘረጋ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ላይ አፑ ሳያስጠነቅቅ ይዘጋል። የ50 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ ደግሞ ብቻውን 200 ሜጋባይት ይሆናል። አንድሮይድ ይህን የሚያህል ቢትማፕ (የተዘረጋ ፎቶ) ስክሪን ላይ ለመሳል ራሱ እምቢ ይላል።

መፍትሔው ሲዘረጋ ጀምሮ አሳንሶ መዘርጋት ነው። «ቢትማፕ ፋክተሪ ኦፕሽንስ» ላይ «ኢን ጀስት ዲኮድ ባውንድስ» የሚለውን ትሩ አድርጋችሁ መጀመሪያ ስፋቱንና ቁመቱን ብቻ አንብቡ። በዚህ ጊዜ ፎቶው ሚሞሪ ላይ አይዘረጋም። ከዚያ «ኢን ሳምፕል ሳይዝ» ላይ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ ትሰጡታላችሁ። 2 ስትሉት 4000 በ3000 የነበረው 2000 በ1500 ይሆናል፤ 48 ሜጋባይቱ ወደ 12 ይወርዳል። 4 ስትሉት 1000 በ750 ይሆናል፤ 3 ሜጋባይት ብቻ። ለእኛ 1600 ስለምንፈልግ በ2 ዘርግተን ከዚያ ወደ 1600 በ1200 እናጠበዋለን።

አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ብዙ ሰዓት የምታስቆጥር። መጠኑን ያነበባችሁበትን ስትሪም ፎቶውን ለመዘርጋት ደግማችሁ አትጠቀሙበት። ተነቦ ወደ ፊት ሄዷል። ዝጉትና ዩአርአዩን እንደገና ክፈቱ። ይህን ካላደረጋችሁ ቢትማፑ ነል ሆኖ ይመለሳል፤ ኮዱን ደግማችሁ ደጋግማችሁ ብታዩት ስህተቱ አይታያችሁም።

ደረጃ 4፦ የተኛውን ፎቶ አቁሙት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሂዱና ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ አንድ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ፎቶ አንሱ። ጋለሪ ላይ ወፉ ቆሟል። የእናንተ አፕ ላይ ግን በጎኑ ተኝቶ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ካሜራ ፎቶውን ሁልጊዜ በአግድም ነው የሚጽፈው። «ሲታይ ይሄን ያህል አዙሩት» የሚለውን መረጃ ኤግዚፍ በሚባለው ክፍል ውስጥ በቁጥር ያስቀምጣል። 1 ከሆነ አይዞርም። 6 ከሆነ ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ፣ 3 ከሆነ 180፣ 8 ከሆነ 270 ይዞራል። ጋለሪው ይህን ያነብባል፤ ቢትማፕ ፋክተሪ ግን አያነብም።

ስለዚህ የአንድሮይድኤክስ «ኤግዚፍ ኢንተርፌስ» ላይብረሪን አስገቡ። ዩአርአዩን አሁንም ለብቻው ክፈቱና ቁጥሩን አንብቡ። ቢትማፑን በማትሪክስ አዙሩት፤ ከዚያ ወደ ጄፔግ ጻፉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሳታዞሩ ከጻፋችሁት ኤግዚፉ በአዲሱ ፋይል ላይ ስለማይኖር ፎቶው ለዘለዓለም እንደተኛ ይቀራል። በዚያው ልክ ፎቶው የተነሳበት ቦታ መረጃም አብሮ ይጠፋል፤ አፑ ውስጥ ያለው ኮፒ የሰው ቤት የት እንደሆነ አይናገርም። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ ጥቅም ነው።

ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ላለው ስልክ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ «ኢሜጅ ዲኮደር» የሚባለው መጠኑንም ማዞሩንም ባንዴ ይጨርስላችኋል። እኛ አካባቢ ግን የቆየ ስልክ የያዘ ሰው ስለማይጠፋ ረጅሙን መንገድ ማወቁ አይከፋም።

ደረጃ 5፦ አሳዩት

ከባዱ ሥራ አልፏል። ለማሳየት ኮይል ወይም ግላይድ የተባሉትን የፎቶ ማሳያ ላይብረሪዎች ተጠቀሙ። ሁለቱም ፎቶውን በሳጥኑ ልክ አሳንሰው ይዘረጋሉ፣ ከስክሪን የወጣውን ይለቃሉ፣ ስክሮል ሲደረግ አይንገጫገጩም። 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ላይ በሦስት ዓምድ ብታሰልፏቸው አንዱ ሳጥን 360 በ480 ይሆናል። ይህ ሚሞሪ ላይ 0.7 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ኮይል 3 ላይ የኔትወርክ ክፍሉ ለብቻው ስለሆነ እሱን አታስገቡ። ማኒፌስቱ ላይም የኢንተርኔት ፈቃድ አትጻፉ። ሰፊዋ «ፎቶዬን ወዴት ይልከዋል?» ብትላችሁ የትም ሊልክ እንደማይችል በሙሉ ልብ መመለስ ትችላላችሁ።

በኮምፖዝ «ሌዚ ቨርቲካል ግሪድ» ውስጥ «አሲንክ ኢሜጅ» አስገቡ፤ የእያንዳንዱ ሳጥን መለያ (ኪይ) የፋይሉ ስም ይሁን። የሳጥኑን ቅርጽ 3 በ4 አድርጉ፣ ቁመቱ ይብለጥ። እዚህ ላይ «ክሮፕ» የሚለውን አማራጭ አልወደውም። ክሮፕ ሳጥኑን ለመሙላት ሲል የፎቶውን ጠርዝ ይቆርጣል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ያለው ታች ዘርፉ ላይ ነው። ደንበኛዋ ማየት የምትፈልገው እሱን ሆኖ ሳለ ተቆርጦ ይቀራል። «ፊት» (Fit) የሚለውን ምረጡ። በጎን ትንሽ ባዶ ቦታ ይኖራል፤ ይኑር። ቀሚሱ ሙሉውን ይታያል።

አንዱን ሲነኩት በሙሉ ስክሪን ይከፈት፤ በጣት ወደ ግራና ቀኝ እየተገፋ ቀጣዩ ይምጣ። ስልኩ በደንበኛዋ እጅ ስለሚገባ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ «ለደንበኛ ስጥ» የሚል ቁልፍ። ሲነካ «ስታርት ሎክ ታስክ» የሚለውን ይጥራ። ስልኩ ባለቤቷን አስፈቅዶ አፑን ስክሪኑ ላይ ቆልፎ ይይዘዋል። እንዴት እንደሚወጣም እዚያው ይነግራታል። ደንበኛዋ ስታገላብጥ ሳታስበው ወደ ጋለሪ አትገባም።

ሞዴል ሲሰረዝ ሁለት ነገር ነው የሚጠፋው፦ የዳታቤዙ መስመርና የአፑ ኮፒ። ኮፒውን ረስታችሁ መስመሩን ብቻ ካጠፋችሁ አፑ ሳይታወቅ ቦታ እየበላ ይሄዳል። ጋለሪ ላይ ያለውን ኦሪጅናል አትንኩ። የመሰረዣው መልእክት ላይም «ጋለሪ ላይ ያለው ፎቶ አይጠፋም» ብላችሁ ጻፉ፤ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይፈራ ይሰርዛል።

የግድ ጋለሪው በሙሉ የሚያስፈልግ ከሆነ

የምትሠሩት ራሱ ጋለሪ ከሆነ ፒከሩ አይበቃም፤ የስልኩን ፎቶዎች ዝርዝር የሚይዘውን ሚዲያስቶርን መጠየቅ ግድ ነው። ያን ጊዜ ፈቃዱ እንደ አንድሮይዱ ይለያያል። እስከ 12 ድረስ «ሪድ ኤክስተርናል ስቶሬጅ» ነው፤ ማኒፌስቱ ላይ እስከ ኤፒአይ 32 ብላችሁ ገድቡት። ከ13 ጀምሮ «ሪድ ሚዲያ ኢሜጅስ» ነው። ከ14 ጀምሮ ደግሞ ሰውየው «የተወሰኑትን ብቻ» ብሎ ሊፈቅድ ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ፎቶ ብቻ ቢመጣላችሁ ስህተት አይደለም፣ ውሳኔው ነው። አክብሩት።

ቀን ስታነብቡ ተጠንቀቁ። «ዴት አዲድ» በሰከንድ ነው፤ «ዴት ቴክን» ግን በሚሊሰከንድ። ካደባለቃችኋቸው ፎቶው ሁሉ በ1970 ጥር ውስጥ የተነሳ ይመስላል። አፑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ «ጥር 1962» ይላል። ይህን ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ በ1000 ማባዛት ረስታችኋል።

በፍላተር ለምትሠሩ

ኢሜጅ ፒከር የሚባለው ፓኬጅ አዳዲስ ስልኮች ላይ ያንኑ ፎቶ ፒከር ይከፍታል። ስትጠሩት ከፍተኛውን ስፋትና ቁመት፣ ጥራቱንም መስጠት ትችላላችሁ፤ ደረጃ 3ን ያቀልላችኋል። የሚሰጣችሁ ፋይል ጊዜያዊ ቦታ ላይ ስለሆነ በፓዝ ፕሮቫይደር የአፑን ዶክመንትስ ፎልደር አግኝታችሁ ወደዚያ ገልብጡት። ስታሳዩ «ኢሜጅ ዶት ፋይል» ላይ «ካሽ ዊድዝ» ስጡት፤ ካልሰጣችሁት ሙሉውን ይዘረጋዋል። ራም ትንሽ የሆነ ስልክ ላይ ፒከሩ ክፍት እያለ ሲስተሙ አፑን ሊዘጋው ይችላል። አፑ ሲነሳ «ሪትሪቭ ሎስት ዳታ» የሚለውን ካልጠራችሁ የተመረጠው ፎቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ከመስጠታችሁ በፊት ሞክሩት

ኢሙሌተር ላይ ብቻ አይታችሁ አትስጡ። ከጓደኛ የቆየና ራሙ ትንሽ የሆነ ስልክ ተዋሱ። የሞባይል ዳታውን (ኢንተርኔቱን) አጥፉና 20 ፎቶ ባንዴ ጨምሩ። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ሞዴሎቹ መኖራቸውን እዩ። ከጋለሪ ላይ ኦሪጅናሉን ሰርዛችሁ አፑ ላይ መቅረቱን አረጋግጡ። ቀጥ ተደርጎ፣ አግድም፣ ተገልብጦ የተነሳ ፎቶ አስገቡ። ስክሪንሾትም አስገቡ።

ከአይፎን በፋይል መልክ የተላከ ፎቶም ይኑርበት። አይፎን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ስለሆነ የቆየ አንድሮይድ ላይከፍተው ይችላል። ያን ጊዜ አፑ መዘጋት የለበትም። «ይህ ፎቶ አልተከፈተም፤ ስክሪንሾት አንስተው ይሞክሩ» የሚል ግልጽ አማርኛ ያሳይ።

በመጨረሻ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብሩ። ፒከሩን ክፈቱ፣ ፎቶ ምረጡ፣ ተመለሱ። ፎቶው ከገባ አፑን ለሰፊዋ መጫን ትችላላችሁ። ስትጭኑላት የመጀመሪያዎቹን ሞዴሎች ራሷ ትጨምር፤ እናንተ አጠገቧ ሆናችሁ የት ላይ እጇ እንደሚቆም ተመልከቱ። ቀጣዩን ማስተካከያ የምታገኙት እዚያ ላይ ነው።